በብሪታንያ የአማርኛ የክፍያ ቴሌቪዥን ለመክፈት፦ የፈቃድ አወጣጥ መመሪያ

በብሪታንያ በሚኖረው አማርኛ ተናጋሪ ማኅበረሰብ ዘንድ የራስን የቴሌቪዥን ጣቢያ የመክፈት ሐሳብ ደጋግሞ ይነሳል። አጥቢያው ቅዳሴውንና ስብከቱን፣ ጋዜጠኛው ዜናውንና ውይይቱን፣ ነጋዴው ድራማውንና ሙዚቃውን ይዞ በወር ጥቂት ፓውንድ ለሚከፍል ደንበኛ ማቅረብ ይፈልጋል። ካሜራው ይገዛል፣ ስቱዲዮው ይከራያል፣ አቅራቢዎቹ ይመረጣሉ፤ «ፈቃዱስ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ግን ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው። ይህ መመሪያ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። የአገሪቱ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ ኦፍኮም ከካሜራችሁና ከስቱዲዮአችሁ በፊት ማወቅ የሚፈልገው ነገር አለ፤ አየር ላይ የሚውለውን የሚወስነው ማን ነው? ቅጹም፣ የሳተላይት ውሉም፣ ከፈቃድ በኋላ የሚመጣው ክትትልም ከዚህ ጥያቄ ይመነጫሉ። ለጥያቄው ቁርጥ ያለ መልስ ያለው ቡድን ቀሪውን ሥራ ይወጣዋል፤ የሌለው ግን ፈቃዱን ቢያገኝ እንኳ ይዞ መቆየት ይቸግረዋል። ከኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር በቀር ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የምትሠሩት ሥራ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ

መርሐ ግብር ተዘርግቶለት፣ ሰዓቱ ሲደርስ ተመልካቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር የሚያይበት ጣቢያ ከሆነና በሳተላይት፣ በኬብል ወይም በኢንተርኔት የሚሠራጭ ከሆነ፣ የሚያስፈልጋችሁ ለቴሌቪዥን ይዘት አገልግሎት የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ጣቢያው ደንበኛ አስከፍሎ ይሥራ ወይም በነጻ ይታይ ለውጥ የለውም፤ ፈቃዱ አንድ ነው። «እኛ የምናስተላልፈው ለሚከፍሉ አባላት ብቻ ስለሆነ የግል ጉዳይ ነው» የሚለው ክርክር አያዋጣም፤ ማንም ሰው ከፍሎ ደንበኛ መሆን የሚችል ከሆነ አገልግሎቱ ለሕዝብ የቀረበ ነው። በተራ የቤት አንቴና በፍሪቪው ለመሠራጨት ደግሞ ሌላ ዓይነት ፈቃድ አለ። ተመልካቹ በፈለገው ሰዓት መርጦ የሚያየው የፊልምና የድራማ ክምችት ብቻ የምታቀርቡ ከሆነ ነገሩ ቀለል ይላል፤ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ለኦፍኮም ማሳወቅ እንጂ የጣቢያ ፈቃድ ማውጣት አይጠበቅባችሁም። ሁለቱንም ለመሥራት ያሰበ ሁለቱንም ግዴታ ይወጣል። ቤተሰብ ቴሌቪዥን ለማየት በየዓመቱ የሚከፍለው ክፍያ ከዚህ ሁሉ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ እሱን መክፈል የማሠራጨት መብት አይሰጥም። ያለ ፈቃድ ማሠራጨት ደግሞ በ1990ው የብሮድካስቲንግ ሕግ ወንጀል ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ብዙዎች የሚዘነጉት የአገር ጉዳይ አለ። የብሪታንያ ፈቃድ የሚያስፈልገው ጣቢያው ብሪታንያ ውስጥ የተቋቋመ ሲሆን ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ የት እንዳለና ስለ ይዘቱ የሚወሰነው የት እንደሆነ ይታያል። ተመልካቾቻችሁ የት እንዳሉም ቁጠሩ። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች ወዲህ፣ ማለትም ከ2020 ማብቂያ ጀምሮ፣ የኦፍኮም ፈቃድ በኅብረቱ አገሮች ሁሉ የሚያሳልፍ ወረቀት መሆኑ ቀርቷል። ድንበር ተሻጋሪ ቴሌቪዥንን የሚመለከተውን የአውሮፓ ምክር ቤት ስምምነት ባጸደቁ አገሮች ውስጥ ሥርጭቱ መታየቱን ሊቀጥል ይችላል፤ ቤልጅየም፣ ዴንማርክ፣ ግሪክ፣ አየርላንድ፣ ሉክሰምበርግ፣ ኔዘርላንድስና ስዊድን ግን ከስምምነቱ ውጭ ናቸው። ስቶክሆልምና አምስተርዳም ያለውን ወገን በደንበኝነት ቆጥሮ በጀት የሚሠራ ሰው ይህን ከመጀመሪያው ማወቅ አለበት። ኢትዮጵያ ውስጥ ደንበኛ ለመመዝገብ ያሰበም ጉዳዩ የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንና የአዋጅ ቁጥር 1238/2013 መሆኑን ይወቅ፤ የለንደኑ ፈቃድ እዚያ አያስገባም።

2. ባለቤቱ ማን እንደሚሆን ወስኑ

የብሪታንያ ዜግነት አይጠየቅም። የሚጠየቀው ባለቤቱና የሚያዝዘው ሰው በግልጽ መታወቃቸው ነው። ስለዚህ ኩባንያ አቋቁሙ፤ ባለ አክሲዮኖቹን፣ ዳይሬክተሮቹንና ከእነሱ ጀርባ ያለውን ማንኛውንም አካል በአንድ ገጽ ላይ በሥዕል አስቀምጡ። ሥዕሉን የሚያይ እንግዳ ሰው «ይኼ ገንዘብ ከየት መጣ? ይኼ ሰው ለማን ይታዘዛል?» ብሎ ሳይጠይቅ ሊረዳው ይገባል።

ሕጉ ፈቃድ እንዳይዙ የሚከለክላቸው አካላት አሉ፤ የኛን ማኅበረሰብ የሚነካውም እዚህ ላይ ነው። ዓላማው በሙሉ ወይም በአብዛኛው ፖለቲካዊ የሆነ ድርጅት ፈቃድ አይሰጠውም። የእንዲህ ያለ ድርጅት ኃላፊ የሆነ ግለሰብም አይሰጠውም። ክልከላው የብሪታንያን ፓርቲዎች ብቻ የሚመለከት የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። በውጭ አገር የሚንቀሳቀስ የፖለቲካ ድርጅት የድጋፍ ኮሚቴ ሊቀ መንበር የሆነ ሰው፣ ስሙን የጣቢያው ዳይሬክተር አድርጎ ሲያስገባ ማመልከቻውን ገና ከበሩ አደጋ ላይ ይጥለዋል። የሃይማኖት ድርጅቶች ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ ለዚህ ዓይነቱ ፈቃድ ብቁ መሆናቸውን ኦፍኮም አስቀድሞ ማጽደቅ አለበት። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ጣቢያ መክፈት ይችላል፤ ብሪታንያ ውስጥ የሃይማኖት ጣቢያዎች ሞልተዋል። ስሕተቱ ማጽደቁን ለማምለጥ ሲባል በሦስት ምእመናን ስም ንግድ መሰል ኩባንያ ማቋቋም ነው። ሕጉ በሃይማኖት ድርጅት ቁጥጥር ሥር ያለውን ኩባንያ እንደ ራሱ እንደ ድርጅቱ ያየዋል። ሰበካ ጉባኤው እያዘዘ ኩባንያው የሚፈርምበት አሠራር ሲጋለጥ የሚጎዳው ደግሞ ጣቢያው ብቻ ሳይሆን ፈራሚዎቹም ናቸው፤ ኦፍኮም ፈቃድ የያዘው ሰው «ተገቢና ብቁ» መሆኑን ሁልጊዜ የማረጋገጥ ግዴታ አለበትና። ቀጥታውን መንገድ ሂዱ፤ ሃይማኖታዊ ከሆናችሁ ሃይማኖታዊ ነን በሉ።

3. የይዘቱን ሥልጣን በአንድ እጅ አድርጉ

የጠቅላላው ሥራ እምብርት ይህ ነው። የ2003ቱ የኮሙኒኬሽን ሕግ ፈቃድ የሚሰጠው በጣቢያው ላይ የትኞቹ ፕሮግራሞች እንደሚካተቱ ጠቅላላ ቁጥጥር ላለው ሰው ነው ይላል። ካሜራ ያለው፣ ሳተላይቱን የተከራየው፣ ወይም የደንበኛውን ክፍያ የሚሰበስበው በዚያ ብቻ ባለ ፈቃድ ሊሆን አይችልም። በዚህ ነጥብ የወደቁት ትንንሽ ጣቢያዎች ብቻ አይደሉም። የቻይናው ሲጂቲኤን ፈቃዱን ያጣው በየካቲት 2021 ነው፤ ፈቃዱን በስሙ የያዘው ስታር ቻይና ሚዲያ የተባለው ኩባንያ ጣቢያውን ከማከፋፈል በቀር ይዘቱን እንደማይወስን ኦፍኮም ስላረጋገጠ። ፈቃዱን ይዘቱን ወደሚቆጣጠረው ድርጅት ለማዛወር የቀረበውም ጥያቄ ተቀባይነት አላገኘም። ከዚያ ቀደም ብሎ በጥር 2012 የኢራኑ ፕሬስ ቲቪ ከብሪታንያ ሳተላይት የወረደው በተመሳሳይ ምክንያት ነበር፤ ፈቃዱ ለንደን ባለው ኩባንያ ስም ሆኖ የይዘቱ ውሳኔ ቴህራን ይሰጥ ነበር። ከኋላቸው መንግሥት ያለ ጣቢያዎች በዚህ ከወደቁ፣ በአምስት ሰው የሚተዳደር የአማርኛ ጣቢያ «ማን ያየናል» ብሎ መጽናናት የለበትም።

ነገሩ ለኛ የሚከብደው ይዘቱ በአብዛኛው ከሌላ ስለሚመጣ ነው። ድራማው አዲስ አበባ ይቀረጻል፤ ውይይቱ ዋሽንግተን ይካሄዳል፤ ለንደን ያለው ቡድን ተቀብሎ ያሠራጫል። «ታዲያ ተባብሮ መሥራት ተከለከለ ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። አልተከለከለም። ፕሮግራም መግዛት፣ በጋራ ማዘጋጀት፣ ከሌላ ጣቢያ ተቀብሎ ማሳለፍ ይቻላል። የማይቻለው የመጨረሻውን ቃል አሳልፎ መስጠት ነው። ልዩነቱ የሚታየው በውሉ ላይ ነውና ከይዘት አቅራቢዎች ጋር በምትፈራረሙት ውል ውስጥ እነዚህ በግልጽ ይጻፉ፦ ባለ ፈቃዱ ማንኛውንም ፕሮግራም ከመተላለፉ በፊት የማየት፣ የመቁረጥ፣ የማዘግየትና ጨርሶ ያለማስተላለፍ መብት አለው፤ ይህን በማድረጉም ካሳ አይከፍልም። «ፕሮግራሙ ሳይነካ በሙሉ ይተላለፍ» የሚል አንቀጽ ያለበትን ውል አትፈርሙ። ገንዘብ የሚሰጠው ወገን የዜናውን አሰላለፍ በስልክ የሚያስተካክልበት ልማድ ካለም ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ይቁም።

ራሳችሁን ለመፈተን የምትችሉበት ቀላል መንገድ አለ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሊተላለፍ የተያዘ ውይይት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ችግር እንዳለበት ታወቀ እንበል። ለንደን ያለው ኃላፊ ማንንም ሳያስፈቅድ አውርዶት ሌላ ፕሮግራም ማስገባት ይችላል? ማጫወቻው ኮምፒውተር በእሱ እጅ ነው? የይለፍ ቃሉን ያውቃል? ባለ ገንዘቡ ነገ ጠዋት ሊያባርረው ይችላል? ለነዚህ ጥያቄዎች የምትሰጡት መልስ በማመልከቻው ላይ ከምትጽፉት የተለየ ከሆነ፣ የሚስተካከለው አሠራሩ ነው እንጂ ጽሑፉ አይደለም።

4. ከመጀመሪያው ሥርጭት በፊት የቁጥጥር ሥርዓቱን ዘርጉ

ኦፍኮም ፕሮግራማችሁን አስቀድሞ አይቶ አይፈቅድም፤ አይከለክልምም። የሚመጣው ከተላለፈ በኋላ ነው። ፈቃድ መጠየቁ ራሱ ቅድመ ምርመራ ነው ለሚሉ ሰዎች መልሱ ይህ ነው። ሳንሱር በነበረበት አገር ያደገ ሰው መጠርጠሩ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን እዚህ የሚገጥመው ሸክም ሌላ ነው። አስቀድሞ የሚያይላችሁ ባለሥልጣን ስለሌለ አስቀድማችሁ የምታዩት ራሳችሁ ናችሁ። ለዚህም ነው ማመልከቻው የብሮድካስቲንግ ደንቡን የምታስከብሩት በማን፣ እንዴት እንደሆነ የሚጠይቀው። ደንቡ ስለ ሕፃናት ጥበቃ፣ ስለ ጎጂ ይዘት፣ ስለ ወንጀልና ጥላቻ፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ሚዛናዊነት፣ ስለ ምርጫ፣ ስለ ፍትሐዊነት፣ ስለ ግል ሕይወት፣ ስለ ማስታወቂያና ስፖንሰር በየክፍሉ ያስቀምጣል። በነጻ የሚገኝ ሰነድ ነው፤ ከአቅራቢ እስከ አርታኢ ሁሉም ያንብበው።

ደንቡን የሚያስከብረው ሰው አማርኛ የሚያውቅ መሆን አለበት። ጣቢያው ትግርኛም ኦሮምኛም የሚያስተላልፍ ከሆነ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የሚሰማ ጆሮ ያስፈልጋል። እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገር ሕግ አዋቂ ቀጥሮ ስሙን በቅጹ ላይ ማስፈር የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሰውየው ስድቡን ከምርቃቱ ሊለይ አይችልም። በሌላ በኩል ኦፍኮም አማርኛ አይሰማም ብሎ መተማመንም ከንቱ ነው። ቅሬታ ሲቀርብ ቅጂውን ይቀበላል፣ ያስተረጉማል፣ ትርጉሙን ለእናንተ ልኮ አስተያየት ይጠይቃል። ሪፐብሊክ ባራት የተባለው የሂንዲ ጣቢያ በመስከረም 2019 ባስተላለፈው አንድ የክርክር ፕሮግራም ላይ ስለ ፓኪስታናውያን በተነገረ የጥላቻ ንግግር ምክንያት በ2020 የ20 ሺህ ፓውንድ ቅጣት ተጥሎበታል። ፒስ ቲቪ ኡርዱ የተባለው የኡርዱ ቋንቋ ጣቢያም በዚያው ዓመት 200 ሺህ ፓውንድ ተቀጥቷል። በእምነት ፕሮግራምም ማምለጫ የለም፤ ላቭወርልድ የተባለው የክርስቲያን ጣቢያ ለሰዓታት በዘለቀ የጸሎት ፕሮግራም ውስጥ ስለ ኮሮና ያልተረጋገጠ ነገር በመነገሩ በ2021 የተጣለበት ቅጣት 125 ሺህ ፓውንድ ነበር። የቅጣቱ ጣሪያ 250 ሺህ ፓውንድ ወይም የገቢው 5 በመቶ ነው፤ ከሁለቱ የሚበልጠው።

ትልቁ አደጋ ያለው በቀጥታ ስርጭት የስልክ ውይይት ላይ ነው። ደዋዩ ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ስሜቱ የጋለ ነው፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድን ብሔረሰብ በሙሉ ሊሳደብ ይችላል። ስለዚህ ድምፁን ለጥቂት ሰከንዶች የሚያዘገይ መሣሪያ ይኑራችሁ። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሥራ የሌለው፣ እጁ ድምፅ መቁረጫው ላይ ያለ አንድ ሰው ይመደብ። ስልኩን የሚያነሳው ሰው ደዋዩን አየር ላይ ከማውጣቱ በፊት ስሙን፣ የሚደውልበትን ከተማና ሊናገር ያሰበውን ጠይቆ ይጻፍ። አቅራቢው ደግሞ ዝም ብሎ «እሺ፣ ቀጣይ ደዋይ» ማለት እንደማይበቃ ይሠልጥን፤ የተነገረውን ወዲያው መቃወም፣ ማረምና ለተመልካቹ ይቅርታ መጠየቅ አለበት። ምርመራ በመጣ ጊዜ የሚመዘነው ደዋዩ ምን አለ ብቻ አይደለም፤ ጣቢያው በዚያ ቅጽበት ምን አደረገ የሚለውም ነው።

የሚዛናዊነት ግዴታው ብዙ የአማርኛ አዘጋጆችን የሚያስገርም ነው። አወዛጋቢ በሆነ የፖለቲካ ጉዳይ ላይ ጣቢያው የሌላውን ወገን አቋም በተገቢው መጠን ማሳየት አለበት፤ ይህም የኢትዮጵያን ጉዳይ ይጨምራል። «የምንናገረው ስለ አገራችን እንጂ ስለ ብሪታንያ አይደለም» የሚለው መከላከያ አይሠራም። የሩሲያው አርቲ በሐምሌ 2019 የ200 ሺህ ፓውንድ ቅጣት ሲጣልበት ሚዛን ጎድሎባቸዋል ከተባሉት ፕሮግራሞች መካከል ስለ ሶርያ ጦርነት የቀረቡ ነበሩባቸው። አቋም ያለው አቅራቢ መኖሩ አይከለከልም፤ ተቃራኒው ሐሳብ በአግባቡ ቦታ ማግኘቱ ግን ግዴታ ነው። ፖለቲከኛን ዜና አንባቢ፣ ጠያቂ ወይም ዘጋቢ አድርጎ በዜና ፕሮግራም ማሠራት ደግሞ እጅግ ልዩ ምክንያት ካልኖረ በቀር ክልክል ነው።

የሚቀረው የቅጂ ጉዳይ ነው። የተላለፈውን ሁሉ፣ ማስታወቂያውን ጨምሮ፣ ለ60 ቀን ማስቀመጥ ግዴታ ነው። የሚቀመጠው ደግሞ አየር ላይ የዋለው ራሱ እንጂ አዘጋጁ ኮምፒውተር ላይ ያለው ፋይል አይደለም። ሁለተኛ ማስቀመጫ ይኑራችሁ፤ በየሳምንቱም አንድ ቀን መርጣችሁ ቅጂው በትክክል እንደሚከፈት አረጋግጡ። ቅጂ ማቅረብ አለመቻል ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ ይዘቱ ንጹሕ ቢሆን እንኳ አያድንም።

ለሕፃናት ስለማይሆን ይዘት መሠረቱ ቀላል ነው፤ በአበሻ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊትና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል በኋላ አይተላለፍም። በደንበኝነት የሚከፈልባቸው የፊልም ጣቢያዎች በሚስጥር ቁጥር የተቆለፈ ሥርዓት ካላቸው ሰፋ ያለ ነጻነት አላቸው።

5. የሥርጭቱንና የገንዘቡን መንገድ ከማመልከቻው ጎን ለጎን አዘጋጁ

ፈቃድ ማግኘት ሳተላይት ላይ ቦታ አያስገኝም። በስካይ ዲሽ ለመታየት በ28.2 ዲግሪ ምሥራቅ ባሉት የአስትራ ሳተላይቶች ላይ አቅም መከራየት፣ ምልክቱን የሚያመጥቅ ድርጅት ማግኘትና በስካይ የጣቢያዎች ዝርዝር ውስጥ ለመግባት መዋዋል ያስፈልጋል። የደንበኛውን ክፍያ ለማስከበር ሥርጭቱ መቆለፍ አለበት፤ መቆለፊያው ደግሞ የሌላ ኩባንያ ቴክኖሎጂ ነው፤ ይከፈልበታል። እነዚህ ወጪዎች ከፈቃዱ ዋጋ ጋር አይነጻጸሩም። ደንበኞቻችሁ ጥቂት መቶ ቤተሰቦች ብቻ ሊሆኑ እንደሚችሉ ከገመታችሁ ሳተላይቱን ተዉትና በኢንተርኔት ጀምሩ፤ ይህን ስል ሐሳቡን ለማሳነስ አይደለም፣ በኪራይ ዕዳ የተዘጋ ጣቢያ ለማንም ስለማይጠቅም ነው። ፈቃድ የሚጠይቀው በመርሐ ግብር የሚሄድ ጣቢያ መሆኑን ግን በኢንተርኔትም ቢሆን አትርሱ።

ደንበኛው በኢንተርኔት ወይም በስልክ ሲመዘገብ በአጠቃላይ በ14 ቀን ውስጥ ሐሳቡን የመለወጥ መብት አለው። ዋጋውን፣ ውሉ የሚታደስበትን ቀንና የማቋረጫውን መንገድ ከመክፈሉ በፊት በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጽፋችሁ አሳዩት። ማስታወቂያ በየትኛውም አንድ ሰዓት ውስጥ ከ12 ደቂቃ ማለፍ የለበትም፤ የቅዳሴ ወይም ሌላ የአምልኮ ሥርዓት ሥርጭት በማስታወቂያ አይቋረጥም። የፖለቲካ ማስታወቂያ ፈጽሞ ክልክል ነው። ክልከላው በሌላ አገር ሕግ ላይ ተጽዕኖ ለማሳደር ያለመውንም ይጨምራል፤ ለኢትዮጵያ ፓርቲ የተዘጋጀ የቅስቀሳ ማስታወቂያ በገንዘብ ቢመጣም በነጻ ቢመጣም አታስተላልፉ።

ከተመልካች መዋጮ መጠየቅ ይፈቀዳል፤ ብዙ የማኅበረሰብ ጣቢያዎችም የሚኖሩት በዚህ ነው። ሁኔታው ተመልካቹ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል እንዲያውቅ፣ ምን ያህል እንደተሰበሰበ እንዲነገረውና የመዋጮው ሒሳብ ለብቻው እንዲያዝ ነው። መዋጮውን ከደንበኝነት ክፍያውና ከዳይሬክተሩ የግል ሒሳብ ጋር መቀላቀል ብዙ ጣቢያ የሚፈርስበት ጉዳይ ስለሆነ የተለየ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ። የሙዚቃም ዕዳ አለ፤ ለዘፈኖቹ ከሙዚቃ መብት አስከባሪዎቹ ከፒአርኤስና ከፒፒኤል ጋር መነጋገር፣ አባል ካልሆኑት የኢትዮጵያ ድምፃውያንና ገጣሚዎች ደግሞ በቀጥታ የጽሑፍ ፈቃድ መያዝ ያስፈልጋል። ዘፈኑ ዩቱብ ላይ ስላለ የናንተ አይሆንም።

6. ማመልከቻውን አስገቡ

ከላይ ያለው ከተሠራ ይህ አጭር ነው። ለእያንዳንዱ ጣቢያ ለየብቻው ፈቃድ ይወጣል፤ አንድ የዜናና አንድ የመንፈሳዊ ጣቢያ ካላችሁ ሁለት ማመልከቻ ነው። ለእያንዳንዱ ማመልከቻ 2,500 ፓውንድ ይከፈላል፤ ጥያቄው ውድቅ ቢሆንም አይመለስም። የተሟላ ማመልከቻ ከደረሰው በኋላ ኦፍኮም በ25 የሥራ ቀን ውስጥ ለመወሰን ያቅዳል። ቁም ነገሩ «የተሟላ» የሚለው ነው፤ የአክሲዮን ዝርዝር ከጎደለ ወይም የሃይማኖት ድርጅት ማጽደቂያው ካልተያያዘ ቀኑ አይቆጠርም። የፕሮግራሙን መግለጫ ስትጽፉ በደፈናው «ልዩ ልዩ ፕሮግራሞች» አትበሉ፤ ስንት ሰዓት ዜና፣ ስንት ሰዓት ድራማ፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ለየትኛው አገር ተመልካች እንደሆነ ዘርዝሩ። ጥያቄ ከመጣ በተጠየቀው ቀን ውስጥ መልሱ። ያልተደበቀ ነገር ለማብራራት ጊዜ አይፈጅም።

7. ፈቃዱን ያዙት

ፈቃዱ የማብቂያ ቀን የለውም፤ በራሳችሁ ፈቃድ እስክትመልሱት ወይም እስኪነጠቅ ድረስ ይቆያል። በየዓመቱ ግን ክፍያ አለበት። ዳይሬክተር ሲለወጥ፣ አክሲዮን ሲሸጥ፣ የጣቢያው ስም ወይም የይዘቱ ዓይነት ሲቀየር ለኦፍኮም ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱን ያለ ፈቃዱ ሰጪ ስምምነት ለሌላ ማስተላለፍ አይቻልም። የገንዘብ ችግር ሲመጣ አንድ ባለሀብት ዕዳውን ከፍሎ ጣቢያውን «ሲረከብ»፣ ወረቀቱ ግን በመሥራቾቹ ስም ሲቀር፣ ፕሬስ ቲቪና ሲጂቲኤን የወደቁበት ጉድጓድ ውስጥ ትገባላችሁ። እንዲህ ያለ ድርድር ከጀመራችሁ ከመፈራረማችሁ በፊት ጻፉላቸው።

ቅሬታ ሲመጣ ከኦፍኮም የሚደርሳችሁ የመጀመሪያ ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ቅጂውን ነው፤ የሚሰጠው ጊዜም አጭር ነው። ደብዳቤው በበጎ ፈቃደኛ የግል ኢሜይል ውስጥ እንዳይተኛ የጣቢያው አድራሻ ሁለት ሰዎች የሚያዩት ይሁን። የተተረጎመው ጽሑፍ ሲላክላችሁ ቃል በቃል አስተያዩት፤ ስሕተት ካለበት ከነምክንያቱ ጻፉ፤ ትክክል ከሆነ ግን በትርጉሙ ላይ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። ጥፋት ከነበረ ያደረጋችሁትን እርምት፣ የሰጣችሁትን ሥልጠናና የቀየራችሁትን አሠራር በማስረጃ አያይዙ።

ጣቢያው ከቆመ ደግሞ ፈቃዱን በጽሑፍ መልሱ፤ ሥርጭት ስለቆመ ብቻ ዓመታዊው ክፍያና ግዴታው አይቆሙም። በቅድሚያ ለከፈሉ ደንበኞች ያልተጠቀሙበትን ወራት ገንዘብ መልሱ፤ ቅጂዎቹንም ከመጨረሻው ሥርጭት ቀን ጀምሮ 60 ቀን እስኪሞላ አቆዩ።